በስሙ ሽልማት የሚሰጠው የጃቶ ልጅ

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? የማይክራፎናችን ገመድ ተበጥሶ በእረፍት ሰዓት ድምፃችንን ከሰማችሁ ሁለት ሳምንት አልፏል። ገመዱ እስኪሠራ ድረስ እኛ የሚኒ ሚዲያ ልጆች በጽሑፉ በርትተናል። በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ዓምድ የደረሰው ለኔ ነው።

ስለማን እንደምጽፍ የወሰንኩት በኳስ ምክንያት ነው። በክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር መጨረሻ ላይ ኮከብ ተጫዋች ተመርጦ አንድ ደርዘን ደብተር እንደተሸለመ ታስታውሳላችሁ። እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ ብዙ ጎል ያገባው ግን የኛ ክፍል ልጅ ነበር። ፍጻሜው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከጋሪ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ቤት ዋለ። ሽልማቱም ፍጻሜውን ለተጫወተ ልጅ ሆነ። ያ ልጅም ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን 7ኛ "ለ" ውስጥ ክርክሩ እስከዛሬ አላለቀም። ኮከብ የሚባለው በመጨረሻው ቀን ሜዳ ላይ የተገኘው ነው ወይስ ሌላ? ግማሾቻችን እንዲህ ስንል ግማሾቻችን እንዲያ እንላለን።

ጭቅጭቃችንን የሰሙት የክበባችን መምህር አሜሪካን አገር ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በአንድ የኛ አገር ሰው ስም የሚሰጥ የሯጮች ሽልማት እንዳለ ነገሩን። ሰውየው የተወለደው ደግሞ ከኛ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው አሉ። ማን እንደሆነ ፈልጉና ጻፉ ብለው ተዉን። ፈለግን። አበበ ቢቂላ ነው።

አበበን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ጃቶ ያለችው በመንዲዳ በኩል ሲሆን ቦታው ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ይገኛል። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የሚገርመው ነገር በዚያው በተወለደበት ቀን አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ የኦሊምፒክ ማራቶን ሩጫ ይካሄድ ነበር። ያሸነፈው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ የሚባል አርጀንቲናዊ ነው። ጃቶ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው እንደማይኖር እርግጠኛ ነኝ።

ልጁ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን አገራችንን ወረረ። ቤተሰቡም በጦርነቱ ጊዜ ቀዬውን ለቆ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ወላጆቹ ተለያይተው እናቱ ሌላ ባል አግብተዋል። በኋላ አበበ ወደ ጃቶ ተመልሶ ከአባቱ ጋር ኖረ። እንደማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠበቀ፤ የቄስ ትምህርትም ተማረ።

በዚያ ዕድሜው በጣም የሚወደው ጨዋታ ገና ነበር። ከተማ ያደጋችሁ ልጆች ገናን በዓሉን እንጂ ጨዋታውን ላታዩት ትችላላችሁ። እኔ ያየሁት አንኮበር፣ አያቴ ጋ ለበዓል ሄጄ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይያዛል፤ ከእንጨት የተጠረበች ሩር ትመታለች፤ ሁለት ወገን ሆነው እየተጋፉ ወደ ተቃራኒው ወገን ይወስዷታል። ዳኛ የለም፤ የሜዳ መስመር የለም። ግቡ ከግቡ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃል፣ ማለትም ከአንዱ ሰፈር እስከ ሌላው ሰፈር ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሲጫወቱ መዋል ማለት ሲሮጡ መዋል ማለት ነው። አያቴ እንደነገሩኝ በዚያን ዕለት ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ ጌትየው አይቆጣም። ኮከብ ተጫዋች ብሎ ደብተር የሚሸልምም የለም። የአበበ እግርና ሳንባ መጀመሪያ የተሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሌላው ነገር ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ሰውነታችን ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል። እንዲህ ያደገ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ሲሮጥ ትንፋሹ አያጥረውም። እኛም ይህ ነገር አለን ማለት ነው፤ ግን ብዙዎቻችን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በባጃጅ ነው የምንመጣው።

አበበ ወደ 20 ዓመቱ ሲጠጋ አዲስ አበባ ገባና በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ክቡር ዘበኛ የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። እዚያ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበሩ። በሜልቦርን ኦሊምፒክ የተሳተፉት አትሌቶች ሲሰለፉ ልብሳቸው ላይ ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ አይቶ እኔም ይህን እለብሳለሁ ብሎ ተነሳ ይባላል። ከዚያ በኋላ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ ድረስ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ወዲያው ግን አላሸነፈም። በጦር ኃይሎች ውድድር ላይ ዋሚ ቢራቱ ቀድሞት ሁለተኛ ወጥቷል። ይህን የጻፍኩት ሁለተኛ ለወጣችሁት ለ6ኛ "ሀ"ዎች ነው።

በ1952 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ወይዘሮ የውብዳር ወልደጊዮርጊስን አገባ። በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ማራቶን ሮጦ ሁለቱንም አሸነፈ። በሁለተኛው 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ነው የገባው። ይህ በወቅቱ ከነበረው የኦሊምፒክ ሰዓት ይፈጥናል፤ ያውም አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ። ግን ከአገር ውጭ ማንም ልብ አላለውም። አሠልጣኙ እሱንና አበበ ዋቅጅራን ይዘው ሮም ሄዱ።

ማራቶን ስንት እንደሆነ ለማታውቁ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ አንኮበር እስከ መድረስ ያህል ነው በሉት፤ ቢበልጥ ቢያንስ በጥቂት ነው። እኔ ያንን መንገድ በመኪና ስሄድ እንኳ ይሰለቸኛል።

ሮም ላይ አዲስ ጫማ ተገዛለት። ጫማው አልተመቸውም፤ እግሩን አቆሰለው። ስለዚህ ሲለማመድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ሊሮጥ ወሰነ። ድሃ ስለሆነ፣ ጫማ ስላጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። ጫማ ነበረው። ያልተመቸውን ትቶ የተመቸውን ነው የመረጠው።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው! እኛ አገር ችቦ ሲዘጋጅና ሴቶች ልጆች አደይ ሲሰበስቡ እሱ ሮም ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ ተሰለፈ። ሙቀቱን ለማምለጥ ተብሎ ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ላይ ነበር። ስለዚህ ሲያልቅ ጨልሟል። አፒያ በሚባለው በጥንቱ የሮማውያን መንገድ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እዚያም ችቦ፣ እዚህም ችቦ።

ከመሄዱ በፊት የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ተጠንቀቀው ተብሎ ቁጥሩ 26 እንደሆነ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን በዚያን ቀን የለበሰው ሌላ ቁጥር ነው፤ 185። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ እየፈለገ ሲሮጥ ለካ አጠገቡ ያለው ሰው ራሱ ራዲ ነው! ሁለቱ ሌላውን ሁሉ ጥለው ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ሮጡ።

መጨረሻው አካባቢ መንገዱ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፋል። ሐውልቱ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት የኛው ሐውልት ነው። አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎት የሄደው እዚያ አካባቢ ሲደርስ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። በዓለም ላይ እስከዚያ ቀን ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኑ ሆነ። ራዲ በ25 ሴኮንድ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ሲገባ አልወደቀም፤ እንዲያውም ቆሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ ይህን አላየም።

አገሩ ሲገባ ጃንሆይ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ አስር አለቃም ሆነ። ኮከብ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ደስታው ግን ብዙም ሳይቆይ ችግር መጣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በንጉሡ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበ የዚያው ጦር ወታደር ስለነበረ ታሰረ፤ በነገሩ እንደሌለበት ሲታወቅ ተለቀቀ። በሦስት ወር ውስጥ ተሸላሚም እስረኛም ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ አቴንስ፣ ጃፓን ኦሳካ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ኮሺሴ ሮጦ ሁሉንም አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ግን አምስተኛ ወጣ። ጨርሶ ያላሸነፈው የውጭ አገር ማራቶን እሱ ብቻ ነው።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊደረግ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እናቴ ትርፍ አንጀት የተሠራች ጊዜ ውኃ እንዳትቀዳ ተከልክላ ለሁለት ወር እኔና እህቴ ነን የቀዳነው። አበበ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን ሮጠ። ያውም በጫማ ነው የሮጠው። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ! ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ሌሎቹ እስኪመጡ አበበ ሜዳው ላይ ተንጋሎ እግሩን ወደላይ እያነሳ ስፖርት ይሠራ ነበር። ሕዝቡ ሳቀም፣ አጨበጨበም። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም።

ጃንሆይ የዳግማዊ ምኒልክን ኒሻን፣ ቤትና ቮልስዋገን መኪና ሰጡት። ማዕረጉም መቶ አለቃ ሆነ፤ በኋላም ሻምበል ሆኗል።

ሜክሲኮ ላይ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ግን ታሞ ነበር፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቆመ። አብሮት የነበረው ማሞ ወልዴ ሩጫውን ጨርሶ ወርቁን አመጣ። ሦስተኛው የማራቶን ወርቅ በዚህ ዓይነት የኢትዮጵያ ሆነ።

አሁን የምጽፈው ከባድ ነው። ከሜክሲኮ ከተመለሰ አምስት ወር አልፎት፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑን ሲነዳ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። ሸኖን ታውቋታላችሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ ሲያልፍባት ቅቤ ከመንገድ ዳር የሚሸጥባት ከተማ ናት። እኔ ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ፣ ይህን ግን አላውቅም ነበር። አበበ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተቀርቅሮ አደረ። አንገቱ ተጎድቶ ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ታከመ። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥም ሄደው ጠይቀውታል። እጆቹ ዳኑ። እግሮቹ ግን ከዚያ በኋላ አልሄዱም።

እኔ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። በሚቀጥለው ዓመት በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እዚያው እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄደ። እዚያ በበረዶ ላይ ውሾች የሚጎትቱት መቀመጫ አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። እኛ ደብረ ብርሃኖች ብርድ እናውቃለን እንላለን፤ የምናውቀው ግን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ነው። ያ አገር ሙሉ በሙሉ በረዶ ነው። የጃቶ ልጅ ውሾቹን እየነዳ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። እኔ ከሮሙም ከቶኪዮውም ይልቅ ደጋግሜ ያነበብኩት ይሄንን ነው። ከኒስካነን ጋር ሜዳ ላይ ያልሠለጠነበት፣ ማንም ያሸንፋል ብሎ ያልጠበቀው ውድድር እኮ ነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ በ12 ዓመቱ፣ ሙኒክ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ተደረገ። አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የክብር እንግዳ ነበር። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ መጥቶ ጨበጠው። ማሞ ወልዴ በዚያ ቀን ሦስተኛ ወጥቷል።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፈ። ምክንያቱ ከአደጋው ጋር የተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ነው። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀብሩ ላይ ተገኘ። የተቀበረው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው። አራት ልጆች ነበሩት፤ አንዷ ልጁ ፅጌ አበበ ስለ አባቷ መጽሐፍ ጽፋለች።

ወደ ሽልማቱ ልመለስ። ኒው ዮርክ ውስጥ ትልቁን የከተማዋን ማራቶን የሚያዘጋጅ የሯጮች ማኅበር አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ በአበበ ቢቂላ ስም ሽልማት ይሰጣል። የሚሰጠው በዚያ ዓመት አንደኛ ለወጣ ሰው አይደለም። ለረጅም ርቀት ሩጫ ብዙ ለደከመ ሰው ነው። መጀመሪያ የተሸለመው ቴድ ኮርቢት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቴድ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ማራቶን ሮጦ ነበር፤ ሜዳሊያ አላገኘም። ግን ያ የሯጮች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነው። ከኛ አገር ማሞ ወልዴና ኃይሌ ገብረሥላሴ ወስደውታል፤ ከኬንያ ደግሞ ቴግላ ሎሩፔ። ማሞ ሜክሲኮ ላይ አበበ ያቆመውን የጨረሰው ሰው ነውና ሽልማቱ ሲደርሰው ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ይህን ሁሉ ለክበባችን ሳነብ የ7ኛ "ለ" ክርክር እንደገና ተነሳ። ኮከብ ተጫዋች በፍጻሜው ቀን ብቻ መመረጥ የለበትም የሚሉት በዙ፤ ሌሎቹ ደግሞ ደንብ ደንብ ነው አሉ። መምህራችን ለሚቀጥለው ዓመት ደንቡን እኛው ጽፈን ለስፖርት ክበቡ እንድናስገባ ፈቀዱልን። ጽፈን ጨርሰናል፤ ገጽ 14 ላይ ታገኙታላችሁ። የማትስማሙ ካላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ አስተያየታችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሣጥን ክተቱ።

የአበበን ሥዕል የሳለችልን የክበባችን ልጅ ነች። ሮም ላይ ሲሮጥ ሳይ ብያት ነበር፤ እሷ ግን በውሾቹ መቀመጫ ላይ አድርጋ ሳለችው። ውሾቹ ትንሽ በግ ይመስላሉ፣ አትሳቁባት። እግሩ የተሰበረው ልጅ ጄሶው ሊፈታለት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መጽሔቱ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ቅዳሜ ቤቱ ይዘንለት እንሄዳለን፤ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው።